ሰኔ ሲደርስ ቤተ መጻሕፍት እንዴት ይዘጋል?

ቦሌ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት በቤተ መጻሕፍት ሠራተኝነት አገለግላለሁ። የትምህርት ዓመቱ ሰኔ ላይ ሲያበቃ ክረምቱ ይገባል፤ ሻጋታም አብሮት።

ከማጠቃለያ ፈተናው ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ ማዋስ አቆማለሁ። መጀመሪያ የምጠራው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ነው፤ ክሊራንስ ከወሰዱ አይገኙምና። ከዚያ ቆጠራ ይጀመራል። መደርደሪያውን ከመዝገቡ ጋር በዲዊ ቁጥር ቅደም ተከተል አመሳክራለሁ፤ የኢትዮጵያ ታሪክ ለምሳሌ 963 ላይ ነው። የጠፋውና የተቀደደው ለየብቻ ይመዘገባል፤ የመስከረም ግዢ የሚነሣው ከዚህ ዝርዝር ነው።

የታችኛውን መደርደሪያ ባዶ አድርጌ መጻሕፍቱን ከግድግዳ አርቃለሁ። በላስቲክ መሸፈን እርጥበት ያፍናል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲያባራ መስኮት የሚከፍት ተረኛ ያስፈልጋል። ቁልፉ ከባለሙያው ጋር ለእረፍት ከሄደ የዓመቱ ልፋት ይሻግታል።

ጳጉሜን ላይ የሻገተውን ለይቼ ጥላ ሥር አደርቃለሁ፤ ከደረቀ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ከቤት ውጭ እጠርገዋለሁ።