የአርባው ልጆች ዜና፤ በጋይንት አርብ ገበያ የተጻፈ

በቀድሞው በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት፣ በጋይንት፣ በአርብ ገበያ ተቀምጠን፣ አገር ያጡ ሰዎች በግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥላ ሥር እንዴት እንደ ተጠለሉ እንጽፋለን።

በ1916 ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም 17 ቀን፣ በዕለተ መስቀል፣ አገራችን ኢትዮጵያ በዤኔቭ ወደ መንግሥታት ማኅበር ገባች። ይህም ማኅበር አስቀድሞ የሰሜንን በረዶ በመመርመር ስሙ የተጠራውን የኖርዌዩን ሰው ናንሰንን በስደተኞች ጉዳይ ላይ ሹሞት ነበርና፣ እርሱ መንግሥት ለሌላቸው ለሩሲያ ስደተኞች የይለፍ ወረቀት አወጣላቸው፤ በዚያው በ1916 ዓ.ም. ወረቀቱ ለአርመኖችም ተፈቀደ። አርመኖችም በ1907 ዓ.ም. በጀመረው በኦቶማኖች ሰይፍ ካለቀው ወገናቸው የተረፉ፣ በየአገሩ የተበተኑ፣ የኬልቄዶንን ጉባኤ ባለመቀበል ግን ከእኛ ጋር በሃይማኖት የተባበሩ ናቸው።

በ1916 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን፣ ኋላ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፣ መሳፍንቱንና መኳንንቱን አስከትለው ወደ አውሮፓ ሲሻገሩ፣ አስቀድመው ቅድስት አገር ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። በአርመኖች ገዳም የተጠጉት እጓለ ማውታ መለከትና ከበሮ ይዘው ሲጫወቱ በሰሙ ጊዜ ልባቸው ተነካ፤ ርኅራኄ ከአባታቸው ከራስ መኰንን የወረሱት ጠባይ ነውና፣ ከአርመኑ ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው 40 ልጆች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በቤተ መንግሥቱ እንዲያድሩ ፈቃድ ተቀበሉ። 

ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ልጆቹ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። እናትና አባታቸውን በአንድ ዘመን ያጡት ሕፃናት፣ ቋንቋውን በማያውቁት አገር፣ ደመወዝ ተቈርጦላቸው፣ የመንግሥቱ ሙዚቀኞች ተባሉ፤ ሕዝቡም «አርባ ልጆች» ብሎ ጠራቸው። ናልባንዲያንም የዚያን ዘመን የኢትዮጵያን መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ቃሉን የጐጃሙ ሰው ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፉለት። አገር የሌለው ሰው ለሌላው አገር መዝሙር መድረሱ የእግዚአብሔር ጥበብ ካልሆነ ምን ይባላል?

 መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ ዐረፉ።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ግን ግርማዊነታቸው ዘውድ ሲደፉ፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ልጅ የግሎስተር መስፍን፣ የኢጣሊያው የኡዲኔ ልዑል፣ የፈረንሳዩ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬና የሌሎችም መንግሥታት መልእክተኞች በተሰበሰቡበት በዚያ በዓል፣ በኢየሩሳሌም ገዳም ቍራሽ ሲጠብቁ የነበሩት የእነዚያ ልጆች መምህር የደረሰው መዝሙር በአዲስ አበባ አስተጋባ፤ የእንግዶቹ ነገሥታት እነዚህን ልጆች ለመቀበል ያልቸኰሉ መሆናቸውን ያን ቀን ያስታወሰ አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ስለ አገራቸው ለመሟገት በኢየሩሳሌም በኩል ወደ ዤኔቭ ሄዱ፤ በ1933 ዓ.ም. በድል ተመለሱ።

የስደት ነገር ግን በናንሰን ዘመን አልቀረም፤ በ1949 ዓ.ም. ጥቅምት 13 ቀን በሁንጋርያ ሕዝቡ ተነሣ፤ ጥቅምት 25 ቀን የመስኮብ ታንኮች ቡዳፔስት ገብተው አመፁን ደመሰሱ። ከዚያም 200 ሺህ ያህል ሰው በክረምት ውርጭ ድንበር ተሻግሮ፣ የሚበዛው ወደ አውስትሪያ፣ የቀረው ወደ ዩጎስላቪያ ገባ። ድሮ ናንሰን ብቻውን በየደጁ እየዞረ ይለምን ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽነርና ቀይ መስቀል ተባብረው መገቡ፣ 37 አገሮችም ስደተኞቹን ተከፋፈሏቸው። በጥቂት ወራት ይህ መሆኑ ከቀድሞው ዘመን ጋር ሲተያይ ድንቅ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ አገሮች አስቀድመው የፈለጉት ጎልማሳውን፣ ባለ እጅ ሙያውንና ጤነኛውን ነው፤ ሽማግሌውና ሳንባው የታመመው በሰፈር ቀረ። በኢየሩሳሌምም በ1916 ዓ.ም. የተመረጡት መለከት የሚነፉት ነበሩ፤ መንፋት የማይችሉት ግን አብረው አልመጡም።