ሻጋታ ሰጠ፣ ሻጋታ ነሣ

ባለፈው ጥር አንድ ወዳጄን ተከትዬ አባቱን ለመጠየቅ ወደ ደብረ ብርሃን አካባቢ ሄጄ ነበር። አውድማ ላይ ስንዴ ይወቃል። ወዳጄ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ራቅ ብሎ ቆመ። ሽማግሌው ቅር አላቸው። «ልጄ፣ ይኸ ሰው የአባቱን ገለባ ተጸየፈ እንዴ?» አሉኝ። ኩላሊት ከእኅቱ መቀበሉን ያውቃሉ፤ ገለባና ኩላሊት ምን እንዳገናኛቸው ግን የነገራቸው የለም።

ሰውነት ባዕድ ሥጋ አይወድም። እ.ኤ.አ. በ1954 ጆሴፍ መሪ ቦስተን ላይ የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲያደርጉ ሰጪና ተቀባይ ቁርጥ አንድ ዓይነት መንትዮች ነበሩና ጣጣው ቀለለ። መንትያ ለሌለው ግን የሰውነትን ዘበኛ በመድኃኒት ማስተኛት ግድ ሆነ። ዘበኛ ሲተኛ ሌባ ይገባል። በገለባና በአቧራ የሚኖረውን አስፐርጂለስ የተባለ ሻጋታ ሁላችንም በየዕለቱ እንተነፍሰዋለን፤ ጤነኛውን ምንም አያደርገውም። ካንዲዳ ደግሞ እዚያው አፋችንና አንጀታችን ውስጥ ያለ ጎረቤት ነው።

ሳንዶዝ የተባለው የባዝል መድኃኒት ፋብሪካ ሠራተኞቹ ለዕረፍት ከሄዱበት አገር አፈር ቋጥረው እንዲመጡ ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ከኖርዌይ ደጋ፣ ከሃርዳንገር አምባ፣ በመጣ አፈር ውስጥ አንድ ፈንገስ ተገኘ። የሚፈለገው እንግዲህ ፈንገስ ገዳይ መድኃኒት ነበር! ለዚያስ እምብዛም አልረባም። እ.ኤ.አ. በ1972 ግን ከእርሱ የወጣው ሳይክሎስፖሪን መቅኔን ሳያወድም ዘበኛውን እንደሚያስተኛ ታወቀ። (ግኝቱ የማን ነው በሚል የፋብሪካው ሰዎች በኋላ ተነታርከዋል፤ ለእነርሱ እንተወው።)

እ.ኤ.አ. በ1978 የካምብሪጁ ሐኪም ሮይ ካን ከሟቾች የተወሰደ ኩላሊት ለተተከለላቸው ሰባት ሕሙማን መድኃኒቱን ሰጡ። አምስቱ የሚሠራ ኩላሊት ይዘው ከሆስፒታል ወጡ። የአንዱ ኩላሊት አመርቅዞ ተቆርጦ ወጣ። አንዱ ሞተ፤ የገደለውም አስፐርጂለስና ካንዲዳ ነበር። ከፈንገስ የተገኘ መድኃኒት የጠበቀውን ሰው ፈንገስ ወሰደው። ለስድስቱ ሌላ ብርቱ መድኃኒት ተጨምሮላቸው ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ በሳይክሎስፖሪን ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

መድኃኒት አልነበረም ወይ? ነበር። ከቬኔዝዌላ የኦሪኖኮ ወንዝ አካባቢ አፈር የተገኘው አምፎቴሪሲን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። እርሱ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል! በኋላ የመጡት እነ ፍሉኮናዞል ለኩላሊት ይሻላሉ፤ ነገር ግን ሳይክሎስፖሪንን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርጉት ሐኪሙ መጠኑን እየለካ መቀነስ አለበት።

በአገራችን ኩላሊት መትከል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ወጉ ለአንድ ባላገር አባት እንግዳ ቢሆን አይደንቅም። እኔም ሳይክሎስፖሪኑን ትቼ ስለ ዘበኛውና ስለ ሌባው ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ መንሻቸውን አስቀመጡና እፍኝ ገለባ ወደ ላይ በትነው ነፋሱን አዩ። በርጩማ አንሥተው ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን፣ ከዛፉ ሥር፣ ለልጃቸው አኖሩለት።