«ኢንተርፌረንስ»፦ የአንድ ቃል ትውልድና ጉዞ

የባዕድ የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ ለመመለስ በሚደረገው ጥረት ተርጓሚውን ከሚያስቸግሩት አንዱ «ኢንተርፌረንስ» ነው። ብዙውን ጊዜ «ጣልቃ ገብነት» ይባላል። ይህ ፍች ለፖለቲካው መስክ በሚገባ ይስማማል፤ ለፊዚክሱ ግን አይበቃም። ስለ ምን እንደማይበቃ የቃሉ የትውልድ ሐረግ ራሱ ይመሰክራል።

ቃሉ የመነጨው ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ነው። «አንትር» ማለት «በመካከል፣ እርስ በርስ» ሲሆን፣ «ፌሪር» ከላቲን የወረደ፣ «መምታት» የሚል ፍች ያለው ግሥ ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ «እርስ በርስ መመታታት» ይሆናሉ። ግሡ በ15ኛው ምእተ ዓመት ገደማ ወደ እንግሊዝኛ ገብቶ ለፈረስ አካሄድ ማገልገል ጀመረ፤ ፈረሱ ሲራመድ የአንዱ እግሩ ሰኮና ሌላውን እግሩን ሲመታው በዚህ ቃል ይገለጽ ነበር። የፈረስ ባለሙያዎች ዛሬም ይህን አነጋገር አልተዉትም። «በሰው ጉዳይ መግባት» የሚለው ፍች የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው።

ለቃሉ አዲስ ሕይወት የሰጠው እንግሊዛዊው ሐኪምና ሊቅ ቶማስ ያንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1801 ለንደን በሚገኘው የንጉሣዊ ማኅበር ፊት ባሰማው ንግግር፣ ብርሃን ሞገድ መሆኑን አስረዳ። ሁለት ሞገዶች ሲገናኙ ጫፍ ከጫፍ ከገጠመ ይበረታሉ፤ ጫፍ ከጎድጓዳ ከገጠመ ግን ይጠፋፋሉ። ስለዚህም ብርሃን በብርሃን ላይ ተጨምሮ ጨለማ ሊሆን ይችላል። ያንግ ይህን ክሥተት «ኢንተርፌረንስ» አለው። የኒውተን ክብር ገና በጸናበት በዚያ ዘመን ሐሳቡ ብርቱ ነቀፌታ ገጠመው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1819 ፈረንሳዊው ፍሬኔል ስለ ብርሃን ሞገድ ባቀረበው ጥናት የፓሪስን የሳይንስ አካዳሚ ሽልማት ሲያገኝ መሠረቱ ጸና። ከፈረንሳይ የወጣው ቃልም በ19ኛው ምእተ ዓመት አዲሱን ፍች ተሸክሞ ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የቃሉ መንገድ ለሁለት ተከፈለ። በሬዲዮ ሙያ ኢንተርፌረንስ ጠላት ሆነ፤ አንዱ ጣቢያ የሌላውን ድምፅ እንዳያውክ ለመከላከል ዓለም አቀፍ ደንብ ተደነገገ። በመለኪያ ሙያ ግን አገልጋይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የሚገኙት፣ እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያላቸው ክንዶች የተዘረጉላቸው ሁለት መሣሪያዎች የስበት ሞገድን ለመጀመሪያ ጊዜ የያዙት በብርሃን ኢንተርፌረንስ ነው።

እንግዲህ ወደ አማርኛው እንመለስ። «ጣልቃ ገባ» ሲባል ሁለት ወገኖች አሉ፤ ሦስተኛው ሳይጠራ በመካከላቸው ይገባል። በያንግ ሞገዶች ዘንድ ግን ሦስተኛ የለም፤ ወራሪና ተወራሪም የለም። ሁለቱ እኩያዎች ናቸው፤ ከተገናኙም በኋላ እያንዳንዱ ሳይጎዳ መንገዱን ይቀጥላል። «ጣልቃ ገብነት» ብሎ የሚማር ተማሪ ጥፋተኛውን ሞገድ ሲፈልግ ሊኖር ነው። ለሬዲዮው «ረብሻ» ወይም «ሁከት» ማለት ጉዳዩን በትክክል ይገልጻል። ለብርሃኑ ግን አማርኛ ራሱ መንገድ አለው፦ «ተገናኘ»፣ «ተደጋገፈ»፣ «ተጠፋፋ» በሚሉት ግሦች ውስጥ ያለው የመደራረግ ስልት የጥንቱን «አንትር» ያለ እንከን ይሸከማል። ስለዚህ ተርጓሚው አንድ ቃል ለሁሉ ከመዘርጋት ይልቅ፣ በቅድሚያ ማን ከማን ጋር እንደተገናኘና ጉዳት መኖር አለመኖሩን ሊጠይቅ ይገባዋል።