ድሬ ሼኽ ሁሴን፦ አያቶቻችን በእግር የሄዱባት የቆላ መንደር



ውድ ወንድሞችና እህቶች! በሁሩታና በሌሎች የአርሲ ከተሞች ባሉ የአዛውንት ቤቶች፣ ጫፉ እንደ ባላ ለሁለት የተከፈለ ዱላ ጥግ ላይ ተደግፎ አይታችሁ ይሆናል። ብዙዎቻችን ተራ ምርኩዝ መስሎን እናልፈዋለን። ይህ ዱላ ግን «ኡሌ ሼኽ ሁሴን» ይባላል። ባለቤቱ ዋቢ ሸበሌን ተሻግሮ፣ በባሌ ቆላ ወዳለችው ድሬ ሼኽ ሁሴን የተጓዘ ሰው መሆኑን ይመሰክራል። ዛሬ ስለዚህች መንደር ጥቂት እንበል።

መንደሪቱ ምን ትመስላለች?

የጥንት ስሟ አናጂና ነው። «ድሬ» በኦሮምኛ ሜዳ ማለት ነው። ከአርሲ የስንዴ ማሳ ተነስቶ ወደዚያ የሚወርድ ሰው ደጋው አልቆ ግራርና እሾሃማ ቁጥቋጦ የበዛበት፣ ውሃ ብርቅ የሆነበት ሞቃት አገር ይቀበለዋል። በዚያ ደረቅ ምድር መካከል በኖራ የተቀቡ ነጫጭ ቁብባዎችና አጥሮች ከሩቅ ይታያሉ። ወደ ቅጥሩ የሚገባው በባዶ እግር ነው። መንደሪቱ ትንሽ ናት፤ የዐረፋ ሰሞን ግን ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከሐረርና ከሌላውም አገር በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይጎርፍባታል። ከመጪዎቹ መካከል ክርስቲያኖችም አይጠፉም።

ታሪኳስ?

ሼኽ ኑር ሁሴን የተወለዱት እዚያው አናጂና እንደሆነ ይነገራል። ዘመናቸውን ተመራማሪዎች በ12ኛው ወይም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያደርጉታል። በባሌ ምድር እስልምናን በማስተማር ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው እሳቸው ናቸው። ባሌ በመካከለኛው ዘመን ከኢፋት፣ ከደዋሮና ከሐዲያ ጋር ከሙስሊም ሱልጣኔቶች አንዷ ነበረች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነትና የሕዝብ እንቅስቃሴ እነዚያ ሱልጣኔቶች ሲፈርሱ የአናጂና ስም ግን አልጠፋም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሼኽ ሙሐመድ ቲልሞ ስፍራውን እንደገና አነቃቁት። እ.ኤ.አ. ከ1783 እስከ 1794 ሐረርን የገዙት አሚር ዐብዱሸኩርም ቁብባ እንዳሠሩበት ይወሳል። አሜሪካዊው አሳሽ ዶናልድሰን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1894 መንደሪቱን አይቶ ጽፏል። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ጊዜያዊ መዝገብ አስመዝግባታለች።

አያቶቻችን ዲን የተማሩበት አንዱ መንገድ

ከድንጋዩና ከኖራው በላይ ሊያሳስበን የሚገባው ግን ባህሮ ነው። ባህሮ በኦሮምኛ የሚባል ውዳሴ ነው። ባላውን ዱላ ይዘው ከመንደር መንደር የሚዞሩት ጋሪባዎች እያዜሙ ያደርሱታል፤ ሕዝቡም እየተቀበለ ያጅበዋል። ዐረብኛ ማንበብ የማይችል ገበሬና እረኛ የአላህን ስም፣ የነቢዩን ﷺ ወሬና የዑለማን ክብር በገዛ ቋንቋው የሰማው በእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ጭምር ነው። መድረሳ ባልነበረበት ቀዬ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የወሎ ሰው መንዙማ ምን እንዳደረገለት የሚያውቅ፣ ባህሮ ለአርሲና ለባሌ ምን እንደነበር አይጠፋውም።

ስለ ዚያራው በመካከላችን ክርክር እንዳለ እናውቃለን። ዱዓ የሚደረገው ለአላህ ብቻ እንደሆነ፣ በቀብር ውስጥ ካለ ሰው ሐጃ እንደማይጠየቅ መድረሳ የቀራ ሁሉ ያውቀዋል። ከስፍራው «ጀዋራ» የሚባለውን አፈር ለበረካ ይዞ ስለመመለስም ሆነ ስለ ሌላው ልማድ፣ ሑክሙን ከዑለማዎቻችን በአደብ እንጠይቅ። ነገር ግን አንድን ልማድ መተው አንድ ነገር ነው፤ የሰባት መቶ ዓመት ታሪክን አብሮ መጣል ሌላ ነገር ነው። ልማዱን የሚነቅፈውም ሆነ የሚደግፈው ወጣት፣ ሼኽ ሁሴን በምን ዘመን እንደነበሩ ሲጠየቅ መልስ ካጣ፣ ሁለቱም ስለማያውቁት ነገር ነው የሚከራከሩት።

ፖላንዳዊው የቋንቋ ምሁር አንድርዜየቭስኪ በባህሮ ግጥሞች ላይ ጥናት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። የሩቅ አገር ሰው ቋንቋችንን ተምሮ ያን ያህል ከለፋ፣ በየኪሳችን መቅጃ ያለው ስልክ የያዝን እኛ ምን እንላለን? ባህሮውን በቃላቸው የያዙ አባቶችና እናቶች እያረጁ ነው። አንድ አዛውንት ወደ አኺራ በሄዱ ቁጥር የሚያውቁት አብሯቸው ይሄዳል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከጁሙዓ በኋላ ወደ አያታችሁ ወይም ወደ ጎረቤት አዛውንት ጎራ በሉ። ድሬ በእግር ስንት ቀን እንደወሰደባቸው፣ የት የት እንዳደሩ፣ ማን ስንቅ እንደሰጣቸው፣ ዋቢን በምን እንደተሻገሩ ጠይቁ። የሚያስታውሱትን ባህሮ አስፈቅዳችሁ ቅዱ፤ ቀኑንና የመንደሩን ስምም ጻፉበት። የማትስማሙበትን ቃል ብትሰሙ እንኳ አትቁረጡት፤ ታሪክ የሚመዘነው ሙሉውን ሲገኝ ነው።

አላህ ዲኑን ያደረሱልንን ቀደምቶቻችንን ይማርልን፤ እኛንም አማናቸውን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።