የሸክላ ምጣድና የኤሌክትሪክ ኃይል በጎጃም ደጋ

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው ደጋ አንድ ጎልማሳ ትዳር ያዘ ለማለት ‹‹ሦስት ጉልቻ መሠረተ›› ማለት የቆየ ልማድ ነው። ጉልቻ ምጣድና ድስት የሚያርፍበት ድንጋይ እንደ መሆኑ መጠን፣ አነጋገሩ ቤትን በጣራው ሳይሆን በምድጃው ይቈጥረዋል። ዛሬ ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችው በዚህች ከተማ በብዙ ቤት ጉልቻው ተነሥቶ በምትኩ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቆሟል፤ አነጋገሩ ግን ከነክብሩ አለ። እኛን የሚያስደንቀን ኤሌክትሪክ መግባቱ አይደለም፤ የኤሌክትሪኩ ኃይል ከውጭ አገር ምድጃ ጋር የመጣውን የብረት ሰሌዳ ትቶ በሸክላ ሠሪዪቱ ጭቃ ላይ ማረፉ ነው።

የጭቃው ሥራ ቀላል አይደለም። ሸክላ ሠሪዪቱ አፈሩን ከታወቀ ስፍራ ቈፍራ ታመጣለች፤ የተሰበረ ገል ፈጭታ ትቀላቅልበታለች፤ በእጇ ጠፍጥፋና በድንጋይ አለስልሳ ካደረቀችው በኋላ በግልጽ እሳት ትተኩሰዋለች። አዲሱ ምጣድ ገዝተው ያመጡት ዕለት አይጋገርበትም። በጎመን ዘር እየታሸ እስኪጠቍር ድረስ ይሟሻል፤ የሸክላው ቀዳዳ ሁሉ ቅባት እስኪጠጣ ድረስ ሊጡ ይይዛልና። ‹‹የምጣድ ማሟሻ አደረገኝ›› የሚለው የተበደለ ሰው አቤቱታ ከዚህ ወጥቷል። ምጣዱ ተሰባሪ ስለ ሆነ ደግሞ ‹‹ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ›› ተባለ።

ይህን ሁሉ የምትሠራው ሴት ግን በጎጃም፣ እንደ ሌላውም የሰሜን አገር፣ ‹‹ቡዳ›› ተብላ ስትሸሽ ኖራለች። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር፤ ነገር ግን አዋጅ ከአደባባይ ወደ ጓዳ ፈጥኖ አይገባም። በእጇ በተሠራው ምጣድ እንጀራ እየበሉ እርሷን ከማዕድ ማራቅ፣ ለሚመረምረው ሰው፣ የደጋው ኑሮ ትልቁ ቅራኔ ነው።

ምጣድን ከእህሉ ለይቶ መረዳት አይቻልም። ዳያን ሊዮንስና ካትሪን ዲአንድሪያ በትግራይ ደጋ ያደረጉትን ጥናት በ2003 እ.ኤ.አ. ሲያሳትሙ፣ ዝግ የዳቦ ምድጃ ለስንዴና ለገብስ፣ ምጣድ (በዚያ አገር ሞጎጎ) ደግሞ እንደ ጤፍ ላለው የማይለጠጥ ሊጥ የሚስማማ መሆኑን አስረድተዋል። ጤፍ አብቃይ ለሆነው ምሥራቅ ጎጃም አባባሉ ሳይለወጥ የሚሠራ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ብረቱ እንመለስ። ባለ ብረት ሰሌዳ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሰሌዳው ከ22 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ 2,000 ዋት ያህል ሲወስድ በያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ከ5 ዋት በላይ ይደርሳል። ይህ ለሽሮና ለቡና መልካም ነው። 58 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ምጣድ ግን ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ቢወስድም ለካሬው ሲካፈል አንድ ዋት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። እንጀራ የሚሻው ይህንኑ ሰፊና ለስላሳ ሙቀት ነው፤ በአንድ ፊቱ ብቻ ስለሚበስል፣ ዓይኑ የሚወጣው ከሥር በሚነሣው እንፋሎት ነው። በዚያ ስፋትና በአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት የብረት ሰሌዳ ቢቀለጥ ክብደቱ 28 ኪሎ ያህል ይሆናል፤ ሸክላው ግን ከሩቡ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ በሸክላው ጀርባ ቦይ እየፈለፈሉ የሚግለውን ሽቦ ቀበሩበት።

ክዳኑንም ቢሆን ንቆ ማለፍ አይገባም። ስዊድናዊው ጉስታፍ ዳሌን፣ በ1912 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘውና በዚያው ዓመት በፍንዳታ ዓይኑ የጠፋው ሊቅ፣ በ1922 እ.ኤ.አ. ‹‹አጋ›› የተባለውን ከባድ የብረት ምድጃ ሲፈጥር ሙቀቱ እንዳይባክን በሰሌዳዎቹ ላይ ወፍራም ክዳን አበጀ። ከጭቃ፣ ከእበትና ከጭድ የሚሠራው አክንባሎ ሙቀትን ሲጠብቅ እንፋሎቱንም ጨምሮ ለእንጀራው ይመልሳል።

ሸክላው ጕድለት የለውም ማለት አይደለም። ሙቀትን ቀስ ብሎ ስለሚቀበል ከመጋገር በፊት ብዙ ኃይል ይበላል፤ የጎጃም ሴት የብዙ ቀን እንጀራ በአንድ ጊዜ የምትጋግረው አንድም ስለዚህ ነው። በበዓል ዋዜማ ሁሉም ቤት ምጣዱን ሲያግል መስመሩ ይከብደዋል። ጎጃምን የሚከበው ዐባይ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በጢስ ዐባይ ብርሃን ሰጥቷል፤ በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቀዋል። ሆኖም ሽቦው ያልደረሰበት የገጠር ቤት ብዙ ነው፤ በዚያም ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይነድዳል፣ ጢሱም የእናቶችን ዓይን ያቃጥላል። በከተማም ቢሆን መብራት ሲጠፋ ሊጡ ስለማይጠብቅና ስለሚኮመጥጥ፣ አስተዋይ የቤት እመቤት የእንጨቱን ምጣድ ከጓዳ አታወጣም።

ለኤሌክትሪክ የሚሆነው ሸክላ ከቀድሞው ይልቅ ደልደል ያለ፣ ጀርባው ለቦይ የሚመች መሆን አለበት። ሸክላ ሠሪዪቱ ይህን ተምራ ታቀርባለች፤ ሽቦውን የሚቀብረውና ጠቅላላውን በቆርቆሮ አቅፎ የሚሸጠው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ዋጋውም የሚቈረጠው በእርሱ ሱቅ እንጂ በእርሷ ደጅ አይደለም።