ሳይቃጠል በቅጠል፦ የካምፓላ እሳቶችና የመውጫ በር ጉዳይ

ማኅበራችን ኢዮቤልዩውን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ስለ ደኅንነታችንም ጥቂት ማለት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። እንደሚታወቀው የምንኖርባት ካምፓላ በእሳት ብዙ ጊዜ ተፈትናለች። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2011 የኦዊኖ ገበያ ተቃጥሎ ብዙ ነጋዴዎች ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል። በማርች 2010 ደግሞ በካሱቢ የሚገኘው የቡጋንዳ ነገሥታት መቃብር ጋየ። ገበያውም መቃብሩም ተመልሰው ተሠርተዋል። የሰው ሕይወት ግን አይመለስም።

ኤፕሪል 14 ቀን 2008 ሌሊት ከካምፓላ ወጣ ብሎ በሚገኘው የቡዶ ጁኒየር ትምህርት ቤት የልጃገረዶች መኝታ ቤት ተቃጠለ። ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ። በሩ ተቆልፎ እንደነበር በወቅቱ ተነግሯል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ደግሞ በሙኮኖ በሳላማ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት በሌሊት በተነሣ እሳት 11 ሰዎች አለቁ። ሁለቱም አደጋዎች የደረሱት ሰው በተኛበት ሰዓት ነው።

ይህ ነገር ከእኛ ቤት የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ኢዲ አሚን ሲወድቅ ከተማዋ ክፉኛ ተዘርፋ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም የሌባ ሥጋት ከነዋሪው ልብ አልወጣም። ዛሬ በየመስኮቱ በርግላር ፕሩፍ የምንለው ብረት አለ። በካባላጋላም ሆነ በካንሳንጋ ከሱቁ ጀርባ የሚያድር ሰው የብረት በሩን ከውስጥ በቁልፍ ዘግቶ፣ ሲጊሪውንና የጋዝ ሲሊንደሩን እዚያው አጠገቡ አድርጎ ይተኛል። ሌባ እንዳይገባ የተሠራው ብረት እሳት ሲነሣ ባለቤቱንም አያስወጣም።

በውጭው ዓለም ሰዎች ተኝተውበት የሚጓዙበት፣ ምድጃና አልጋ ያለው መኪና አለ። ጠባብ ስለሆነ እሳት ቶሎ ይሞላዋል። ስለዚህ በአሜሪካ ደንቡ ከበሩ ሌላ ሁለተኛ መውጫ እንዲኖረው ያዛል፤ ብዙ ጊዜም ይህ እጀታው ቀይ የሆነ፣ ያለ ቁልፍ ከውስጥ የሚገፋ መስኮት ነው። የእኛ የሱቅ ጓዳ ከዚያ መኪና አይሰፋም፤ ሁለተኛ መውጫ ግን የለውም።

በእሳት አደጋ ብዙውን ሰው የሚገድለው ከነበልባሉ ይልቅ ጭሱ ነው። የከሰል መርዝ ደግሞ ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ሳይነቃ ያልፋል። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ትንሽ ብልጭታ ሲያገኝ ይፈነዳል። ስለዚህ፦

ቡና ከተፈላ በኋላ ከሰሉ ወደ ደጅ ይውጣ። ሲሊንደሩ ማታ ይዘጋ። ቢያንስ የአንዱ መስኮት ብረት ማጠፊያ ተበጅቶለት ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ ይህን ማንኛውም የሰፈር ብረት በያጅ ይሠራዋል። ቁልፉ ልጆች በጨለማም በሚያገኙት አንድ ቦታ ይሰቀል። ጭስ ሲኖር ጎንበስ ብሎ፣ ሲብስም በጉልበት እየዳሁ መውጣት እንደሚገባ ልጆቻችንን እናስተምር፤ መብራት አጥፍተንም አንድ ቀን እናለማምዳቸው። የወጣ ሰው ለዕቃ ብሎ አይመለስ። ከደጅ ሆኖ 999 ወይም 112 ይደውል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ከዚህ በዓል በኋላ እያንዳንዱ ቤተሰብ የቤቱን መውጫ ቢቆጥርና አንድ ብቻ ሆኖ ካገኘው ሁለተኛ ቢያበጅ፣ ይህ ጽሑፍ ሥራውን ሠርቷል። መልካም በዓል ይሁንልን።