የዲጂታል ሙዚቃ ማጫወቻዎች የድምፅ ጥራት

ተንቀሳቃሽ ዲጂታል ሙዚቃ ማጫወቻ፣ በተለምዶ ኤምፒ3 ማጫወቻ የሚባለው፣ በፋይል መልክ የተቀመጠ ሙዚቃን አንብቦ በጆሮ ማዳመጫ የሚያሰማ የኪስ መሣሪያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ለገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሪዮ ፒኤምፒ300 የውስጥ ማከማቻው 32 ሜጋባይት ብቻ ነበር። አፕል እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የመጀመሪያው አይፖድ 5 ጊጋባይት ይይዝ ነበር። የማጫወቻዎችን ጥራት ማነጻጸር ሲባል አንድ ፋይል በተለያዩ ማጫወቻዎች ሲጫወት ከዋናው ቅጂ ምን ያህል እንደሚለይ መመርመር ማለት ነው።

ፋይሉ

ማጫወቻ ከፋይሉ የተሻለ ድምፅ ሊያወጣ አይችልም። ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ፣ በ16 ቢት፣ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ ይመዘግባል፤ ይህም በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ገደማ ነው። የ4 ደቂቃ ዘፈን በዚህ መልክ 42 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። በሰከንድ 128 ኪሎቢት በሆነ ኤምፒ3 ሲቀመጥ ግን 4 ሜጋባይት አይሞላም። ኤምፒ3 ይህን የሚያደርገው ጆሮ አይለያቸውም ተብለው የሚገመቱ የድምፅ ክፍሎችን በመጣል ነው። ቢቱ ሲያንስ ጉዳቱ ቶሎ የሚታወቀው በጭብጨባና እንደ ክራር ምት ባሉ ድንገተኛ ድምፆች ላይ ነው። ፍላክ የሚባለው የፋይል ዓይነት ምንም ሳይጥል ይጨምቃል። ከካሴት የተገለበጠ የድሮ ዘፈን ግን የክሩን የ«ሽሽሽ» ድምፅ ይዞ ስለሚመጣ ውድ ማጫወቻ ቢገዛለትም አይጠራም።

ማጫወቻው ራሱ

በማጫወቻው ውስጥ ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጥ ቺፕና ሞገዱን ለማዳመጫው የሚያበቃ ማጉያ አሉ። ማስታወቂያዎች ብዙ የሚያወሩት ስለ ቺፑ ነው። ይሁን እንጂ በጆሮ የሚታወቀው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከማጉያው ነው።

አንዳንድ ማጫወቻዎች፣ በተለይ የቆዩት፣ በማጉያውና በማዳመጫው መካከል ቀጥተኛ ጅረትን የሚያግድ ካፓሲተር አላቸው። ካፓሲተሩ ትንሽ ከሆነ ባሱንም አብሮ ይቀንሳል። ለምሳሌ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከ16 ኦም ማዳመጫ ጋር ሲገናኝ ከ100 ኸርዝ ገደማ በታች ያለው ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል፤ የከበሮና የባስ ጊታር ወፍራም ድምፆች ይደክማሉ። በ300 ኦም ማዳመጫ ግን ወሰኑ ወደ 5 ኸርዝ ስለሚወርድ ጉዳቱ አይሰማም። ስለዚህ ስለ አንድ ማጫወቻ «ባስ የለውም» የሚልና «ኧረ አለው» የሚል ሁለት ሰዎች ቢከራከሩ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ማዳመጫቸው ይለያያልና።

የማጉያው የውጤት ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ለተለዋዋጭ ጅረት ያለው ተቃውሞ፣ ሌላው ምክንያት ነው። ይህ 10 ኦም ቢሆንና የማዳመጫው ኢምፒዳንስ እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ከ16 እስከ 64 ኦም ቢለዋወጥ፣ በድምፆቹ መካከል የ3 ዴሲቤል ያህል መዛባት ይፈጠራል። በዚህ ምክንያት የማጉያው ኢምፒዳንስ ከማዳመጫው አንድ ስምንተኛ እንዳይበልጥ ይመከራል። ማዳመጫ ሳይሰካ የተለካ የፋብሪካ አኃዝ ይህን ሁሉ አያሳይም።

በጆሮ ማነጻጸር

ሰው ከሁለት ተመሳሳይ ድምፆች በጥቂቱ ከፍ ያለውን «የተሻለ» ብሎ ይመርጣል። በስክሪኑ ላይ ያለው የድምፅ ቁጥር ደግሞ ከማጫወቻ ማጫወቻ ትርጉሙ ይለያያል። ስለሆነም በሁለቱም ላይ አንድ የማይለዋወጥ ድምፅ እያጫወቱ፣ ማዳመጫው እንደተሰካ ቮልቴጁን በመልቲሜትር ማስተካከል ያስፈልጋል። ኢኳላይዘርም ይጠፋል። ከዚያ አድማጩ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ሳያውቅ ይፈተናል። ከ16 ሙከራ 12ቱን ወይም ከዚያ በላይ ያወቀ ሰው ይህን በግምት ብቻ የማግኘት ዕድሉ 4 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ልዩነቱን በእርግጥ ይሰማል ማለት ይቻላል። ጥቂት ዘፈን ሰምቶ ከመወሰን ይህ አድካሚ ነው፤ ግን ገንዘብ ያድናል።

የድምፅ ኃይል ጥራት አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ደረጃ መሠረት ማጫወቻዎች በመነሻ ቅንብራቸው ከ85 ዴሲቤል እንዳያልፉ ስለሚደረግ፣ ለዚያ ገበያ የተሠራ ማጫወቻ ደካማ ሊመስል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት እስከ 40 ሰዓት 80 ዴሲቤልን እንደ ወሰን ያስቀምጣል። በታክሲ ውስጥ ለሚያዳምጥ ሰው ጆሮን በደንብ የሚዘጋ ማዳመጫ መግዛት ማጫወቻ ከመቀየር ይልቅ ይጠቅማል፤ የውጭው ጫጫታ ስለሚቀንስ ድምፁን ሳይጨምር ሙዚቃውን ይሰማል።